ቡፌ መስሎኝ ነበር

ባለፈው ሳምንት ለሬዲዮዬ ባትሪ ድንጋይ ልገዛ ታይዋን ገባሁ። ታይዋን ስል ባሕር ማዶ ያለውን አገር አይደለም፤ ጉልበቴ እስከዚያ አያደርስም። የእኛውን የድሬዳዋን ገበያ ነው። ድንጋዩን ገዝቼ ስወጣ አንዲት ልጅ የፕላስቲክ አበባ ደርድራ ትሸጣለች። ከመሃሉ አንዱ ቅርንጫፍ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ቅጠል የለውም፤ በባዶ እንጨት ላይ አበባ ብቻ።

«አባባ፣ ይሄን ውሰዱ፤ ሳሎን ያሳምራል።»

«የምን አበባ ነው?»

«የፕላስቲክ።»

መልሱ ትክክል ስለነበር ክርክር አላነሳሁም፤ ገዛሁት። ባጃጅ ውስጥ ቅርንጫፉን ጭኔ ላይ አቁሜ ስቀመጥ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «አቦ አባባ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለኝ። «እሷ እሺ ካለች» አልኩት። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን የደቻቱን ወንዝ እስክንሻገር ድረስ ዓይኔ ከአበባው አልተነሣም። ያ አበባ የቼሪ አበባ ነው። እውነተኛውን አይቼዋለሁ። ከዛፉ ሥር ተቀምጬ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ባልተሰጠኝ ድምፅም ዘፍኛለሁ። የዘፈንኩ ቀን አባቴ ከሞተ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እኔ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ከድሬዳዋ አንድ ወጣት ለትምህርት ውጭ ሄደ ከተባለ ሞስኮ ነው፣ ወይ በርሊን ነው፣ ወይ ሃቫና። እኔን ጃፓን ያደረሰኝ ዕውቀቴ እንዳይመስላችሁ። የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪናዎቹ የጃፓን ሥሪት ነበሩ፤ ሲታመሙ የሚያክማቸው ጠፋና አንድ ሰው ሄዶ ዓመት ይሠልጥን ተባለ። ከእኔ የሚሻሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዘምቷል፣ ሁለተኛው ታስሯል። የቀረሁት እኔ ነኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢሮ ጠርተው ስለ ካፒታሊስት አገር ብልሹነት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጠነቀቁኝ፤ ሲያበቁ በሩን ዘጋ አድርገው «የእጅ ሰዓት ርካሽ ነው ይባላል፤ አስታውሰኝ» አሉኝ።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር፤ ሐዲድ ቀያሪ። ዕድሜውን ባንዲራ ይዞ ለገሃር ቆሞ የጨረሰ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ የጅቡቲው ባቡር ሲገባ ካላየ ምሳ የማይወርድለት። እናታችን ገና በልጅነታችን ስላረፈች እኔንና ታላቅ እህቴን እታገኝን ያሳደገን እሱ ነው። ያሳደገንም በሁለት ነገር ነው፤ ጠዋት በፈጢራ፣ የቀረውን ቀን በቁጣ።

የሄድኩ ዕለት ለገሃር፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት በሦስተኛው ምሰሶ ሥር ሆኖ ጠየቀኝ።

«ስንት ጊዜ ነው ያልከኝ?»

«ዓመት ነው አባባ።»

«እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

«ዓመት ሙሉ ቆመህ?»

«ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ። አንድ ዓመት ምን ታክላለች?»

ከዚያ ከደረት ኪሱ ፎቶውን አውጥቶ ሰጠኝ። ጡረታ የወጣ ሰሞን ከዚራ ሰፈር፣ ፎቶ ቤት የተነሣው ነው። የባቡር ቆቡን አድርጓል፣ የተጠቀለለች ባንዲራ ብብቱ ሥር ይዟል፣ ፊቱ ፎቶ አንሺውን ሊቆጣ የተዘጋጀ ይመስላል። «አንድ ናት» አለኝ። «ሌላ የለኝም። መልሰህ አምጣት።»

ጃፓን ገብቼ ለዘጠኝ ወር ያህል ያየሁት ፋብሪካና የፋብሪካውን መኝታ ቤት ብቻ ነው። ከቤት በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል። የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ እየተናገረ እታገኝ ናት የምትጽፈው። ደብዳቤው ሁሉ ስለ ባቡር ነው። የጅቡቲው ሦስት ሰዓት ዘገየ፤ የአዲስ አበባው አዋሽ ላይ ቆመ፤ «አንተ ከሄድክ ወዲህ በሰዓቱ የገባ የለም፣ ባቡሮቹን ምን ብለሃቸው ነው የሄድከው?» ይላል። ከየካቲት ጀምሮ ግን ባቡር ከደብዳቤው ጠፋ። «ደህና ነኝ። ናፍቀኸኛል። ራስህን ጠብቅ።» በቃ። አባቴ በሕይወቱ ናፍቀኸኛል ብሎኝ አያውቅም። እኔ ታዲያ አሰብኩበት። ደብዳቤ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ፤ ባቡር የጦር ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ አትጻፉ ተብለዋል አልኩ። ናፍቆቱን ደግሞ ሽማግሌው ልቡ ለሰለሰ ብዬ ተረጎምኩት፤ እንዲያውም ኮራሁ። እንደዚህ ያለ ብልህ ሰው ነበርኩ።

መጋቢት ሲያልቅ ፋብሪካው ለጥቂት ቀን ተዘጋና ኬንጂ የተወለደበት መንደር ይዞኝ ሄደ። ኬንጂ መኪናዎቹን ያስተማረኝ መካኒክ ነው፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ እንግሊዝኛው ከእኔ ትንሽ የሚሻል። እናቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ባሕር ዳር ባለች መንደር ብቻዋን ትኖራለች። ሁለት ባቡር ቀይረን ነው የሄድነው። በአንዱ በኩል ተራራው ገና በረዶ ለብሷል፣ በሌላው በኩል የሩዝ ማሳው ውሃ ተኝቶበታል። ባቡሩ እያንዳንዱ ጣቢያ የሚገባው በተባለችው ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ከዚያ ደብተር አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ። የጣቢያው ስም፣ መግባት ያለበት ደቂቃ፣ የገባበት ደቂቃ። ኬንጂ «ለምንድን ነው?» ሲለኝ «ለአባቴ ነው» አልኩት። «ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። አንብቦ ይናደዳል።»

የኬንጂ እናት በሩ ላይ ተንበርክካ ተቀበለችን። እኔም ደንግጬ ተንበረከክኩ፤ እሷ ዝቅ ስትል እኔ ዝቅ ስል፣ ኬንጂ ሻንጣ እንደያዘ ቆሞ ጠበቀን። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሁዳዴን ዘጠኝ ወር ሙሉ ሥጋ ስበላ የረሳሁት ሰውዬ፣ ጥሬ እንቁላል በሩዝ ላይ ሰብራ ስታቀርብልኝ ድንገት ሃይማኖቴ ትዝ አለኝ። «ጾም ነው» አልኩ በታላቅ ትሕትና። ሴትዮዋ አክብራኝ እስክሄድ ድረስ አትክልትና ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር ብቻ አበላችኝ። በጎረቤት የተጠበሰ ዓሣ ሲሸተኝ ምራቄን እየዋጥኩ ጾምኩ።

በማግስቱ ወደ አበባው ወሰዱኝ። እኔ አበባ ሲሉኝ የገመትኩት ከዚራ ላይ የሚፈነዳውን ቀይ አበባ ነው፤ መንገዱን የሚያቀላው፣ ድሬዎች ረግጠነው የምናልፈው። የእነሱ ሌላ ነው። ወንዙን ተከትሎ ዛፉ ሁሉ ነጭም ያልሆነ ቀይም ያልሆነ ደመና ተሸክሟል፤ ነፋስ ሲነካው ሳህን ውስጥ ይገባል፣ ፀጉር ላይ ይቀራል። መንደሩ በሙሉ ከሥሩ ምንጣፍ ዘርግቶ ይበላል። ምንጣፉ ላይ በጫማ አይወጣም፤ ዳር ላይ ጫማው በረድፍ ይደረደራል። እኔ ጫማዬን ሳወልቅ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከካልሲው ወጥቶ ሕዝቡን ሰላም አለ። ከዚያ በኋላ የማፍርበት ነገር ስላልነበረኝ የሰጡኝን ጠጣሁ፣ ዝፈን ሲሉኝ ዘፈንኩ። አንድ ሽማግሌ አጨበጨበልኝና በኬንጂ በኩል «አባት አለህ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «ለገሃር ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ከዚህ በላይ ባዘገየው እኔም የጅቡቲው ባቡር ልሆን ነው።

በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ውስጥ አንድ ጥቁር ቁምሳጥን አለ። ሁለት በሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ በወርቅ ቀለም ያብረቀርቃል። ከመሃል የአንድ ሰውዬ ፎቶ፣ አጠገቡ የሌሎች አሮጊትና ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው አንዲት ስኒ ውሃ፣ ብርቱካን፣ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ። እንግዲህ እኛ ድሬ ያደግን ሰዎች በሳሎን ውስጥ የሚያብረቀርቅ፣ የዘመድ ፎቶ የተደረደረበት ቁምሳጥን ስናይ የምናውቀው አንድ ስም ነው፤ ቡፌ። ብርጭቆ የሚቀመጥበት፣ ለእንግዳ የሚታይ፣ የቤቱ ክብር። ሴትዮዋ ስላከበረችኝ እኔም ላክብራት አልኩ። የአባቴን ፎቶ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ከባሏ ጎን አቆምኩት። ትንሽ አዘነበለ፤ ብርቱካኑን አስደገፍኩት። ራቅ ብዬ አየሁት፤ አማረልኝ።

ሴትዮዋ ሻይ ይዛ ገባች፣ አየች፣ ሻዩን ይዛ ቆመች። አልጮኸችም፤ እነሱ አይጮኹም። ሻዩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ተንበርክካ ፎቶውን በሁለት እጇ አነሣችው። ለአባቴ ፎቶ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች፤ ይቅርታ እየጠየቀችው መሆኑ ቋንቋውን ለማያውቅም ይገባል። ኬንጂ ጆሮው ቀልቶ አስረዳኝ።

«ይሄ የሞቱት ቦታ ነው። ሩዙ የእነሱ ነው። ሕያው ሰው እዚህ አይቀመጥም፤ መጥፎ ነው።»

ያኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳቅኩ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ፎቶውን በሐምራዊ ጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝና እስክተኛ ድረስ በስጋት ታየኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ይህንን ሁሉ ጻፍኩለት። «አባባ፣ ጃፓኖች ከሞቱት ደመሩህ፤ ሩዝም አቅርበውልህ ነበር፣ አንዲት ደግ ሴትዮ ናት ያስነሣችህ» ብዬ። ግንቦት ላይ መልሱ መጣ፤ በእታገኝ እጅ፣ በአባቴ ስም። «ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ካነሣችኝ ቦታ መልሰህ አስቀምጠኝ። ከቤቱ አባወራ ጋር ይሻለኛል። ሩዙንም አትከልክሉኝ።» ይሄው ነው። ሽማግሌው ቀልድ ተማረ ብዬ ደብዳቤውን ለኬንጂ ተርጉሜ አነበብኩለት። ቀልዱን በቀልድ ልመልስ አልኩና፣ ልመለስ ስል ለስንብት እነ ኬንጂ መንደር በሄድኩ ጊዜ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። አበባው ረግፎ ዛፉ እንደማንኛውም ዛፍ አረንጓዴ ሆኗል።

የኬንጂ እናት የአባቴን ቃል ሰምታ ብዙ አሰበች። ከዚያ ከቁምሳጥኑ ግርጌ ያለችውን መሳቢያ ሳበች፤ ክብሪትና ሻማ የምታኖርባት ናት። ፎቶውን በሐምራዊው ጨርቅ ጠቅልላ እዚያ አስተኛችው። ኬንጂ እየቆራረጠ ተረጎመልኝ።

«ሕያው ስለሆነ ላይ አይወጣም ትላለች። አባት ካዘዘ ግን እዚህ ታኖርለታለች። ቀኑ ሲደርስ ጻፍልኝ፣ በእጄ አውጥቼ ከባሌ ጎን አደርገዋለሁ ትላለች። ቀኑ ይራቅ ትላለች።»

ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ድሬ ወረድኩ። ባቡሩ አምስት ሰዓት ዘግይቶ ከሰዓት በኋላ ገባ፤ ይህችንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በመስኮቱ ወገቤ ድረስ ወጥቼ ሦስተኛውን ምሰሶ ፈለግኩ። ምሰሶው አለ። ሥሩ የቆሙት ግን እታገኝና ጎረቤታችን አደን ናቸው። አደን ባለሱቅ ነው፤ ሶማሌ ነው፤ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተጨቃጨቁ። እህቴ አበባ አበባ ያለበት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ አስራለች።

«ይሄ ቀሚስ ነው ድንኳን?» አልኳት ሳቅፋት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «አባባስ?»

«ጸበል ሄዷል» አለች ወደ ሻንጣው እያየች። «ነገ ይመጣል።»

«ቆሜ እጠብቃለሁ ብሎ፣ ተቀመጠ በለኛ።»

አደን ሁለቱንም ሻንጣ ብድግ አደረገና ከፊት ከፊት ሄደ። ወሬኛው አደን እስከ ቤት ድረስ ዞር ብሎ አላየኝም።

ወዲያው ጎረቤቱ ቤታችንን ሞላ። ሲመሽ ገና እኔ መድረክ ላይ ነኝ። ካልሲውን ተረክሁ፣ ጥሬውን እንቁላል ተረክሁ፣ መጨረሻ ላይ ቡፌውን ተረክሁ። ተነሥቼ ነው የተረክሁት። የእኛን ቡፌ እንደዚያኛው አድርጌ፣ ፎቶ ሳቆም፣ ሴትዮዋ ስትንበረከክ፣ አባቴ በሩዙ ፊት ሲኮሳተር እያሳየሁ። ሁሉም ሳቁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አደን ተነሥቶ ወደ ግቢ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆንክ?»

«ሲጋራ ነው፣ ወሪያ» አለኝ። «ቀጥል። ከዚያስ ምን አለች ሴትዮዋ?»

ከዚያ ወዲህ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስቄያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን የሳቀልኝ የለም።

ወፍ ሲንጫጫ ቀሰቀሱኝ። ቄሱ አሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ አደንም ከመስጊድ በቀጥታ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ተሾመ፣ ልጄ፣ ተነሥ፤ ልብስህን ልበስ» አሉኝ ቄሱ። ከዚያ ነገሩኝ። ጥር ላይ፣ ደረቱን አሞት፣ በአራተኛው ቀን። እኔ ሳቅኩ። የማታውን ቀልዴን እየመለሱልኝ መሰለኝ። «እናንተም ከሞቱት ደመራችሁት?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ከሽማግሌዎቹ ኋላ እህቴን አየኋት። ሰፊው ቀሚስ የለም፤ የራሷን ጥቁር ለብሳለች፤ ሻሹ ወርዶ ፀጉሯ ከሥሩ የተቆረጠ ነው። ያኔ ገባኝ። ቄሱን ያላመንኩ ሰውዬ ቀሚሱን አመንኩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል፣ በሦስተኛው ቀን፣ እህቴ ብቻችንን ስንሆን አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጽፌልህ ነበር» አለችኝ።

«የት?»

«መልሰህ አስቀምጠኝ ያልኩህ ላይ። ይገባሃል ብዬ። አባባ እንደዚያ ይቀልዳል?»

«በግልጽ ለምን አልጻፍሽም?»

«በወረቀት መርዶ ማን ይልካል? አብሮህ የሚያለቅስ በሌለበት አገር?» ከዚያ «ፎቶውን ስጠኝ፤ ፎቶ ቤት ወስጄ ትልቅ ላስደርገው» አለች።

«የለም። እዚያው አስቀመጥኩት። አስቀምጠኝ አልሽኝ።»

«ታዘዝክ?» አለች። «አንተ መቼ አባባን ታዝዘህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። በሕይወቱ መልሰህ አምጣት ያለኝን አላመጣሁም። አንድ ጊዜ የታዘዝኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ እሱንም ያዘዘችኝ እህቴ ናት። ፎቶ ቤቱ የድሮ ፊልሙን ጥሎታል፤ ጡረታ ቢሮ ፋይሉ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። የባቡሮቹን ሰዓት የጻፍኩበትን ደብተር እስከ ዛሬ ማንም አንብቦ አልተናደደበትም።

ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፉን ይዤ የሄድኩት እታገኝ ቤት ነው። ሰማንያን አልፋለች፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ አልደከመም። የአባታችንን ፊት ስንከራከር ዋልን። ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ በቀኝ ነው እላለሁ፣ በግራ ነው ትላለች። የሚዳኘን የለም፤ አደን ከሞተ ቆየ። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ፈለግነው፤ ሁለታችንም ቆቡን ብቻ አገኘን።

«ለዚያች ሴትዮ ጻፍክላት?» አለችኝ ድንገት። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም።

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

ብዙ ጊዜ ጀምሬያለሁ። ሰላምታው ያልቃል፣ የአየሩ ነገር ያልቃል፣ ያቺ ቃል ጋ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ ደብዳቤዬን ጠብቃ ይሆናል። አሁን ራሷ እዚያ ላይ ወጥታ ሩዝ ይቀርብላታል። መሳቢያዋን የከፈተ ሰው ባንዲራ የያዘ፣ የሚቆጣ ጥቁር ሽማግሌ አግኝቶ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ጥሎት ይሆናል። ይህንን ለእህቴ አልነገርኳትም።

«እንጃ» አልኳት።

«ተወው» አለች። «አንድ ሰው እንኳ ሞቱን ያልተረዳ ይኑር።»

ተነሥቼ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፣ ቅርንጫፉን ነከርኩበት፣ ቡፌዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ፕላስቲክ እኮ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

ራቅ ብዬ አየሁት። ውሃው አለ፣ አበባው አለ። ከኋላቸው በፎቶው ቦታ ያለው ግድግዳ ነው።